ጣሰው «አልችልም» ያለ ለት

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሥራ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ኤርፖርቱ ይጨናነቃል፤ ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ስገፋ ዋልኩ። አንዲት አሮጊት ከጌቱ እስከ ሻንጣ መቀበያው ድረስ ስለ ድመቷ አወራችኝ። ድመቷን ኩላሊቷን ያማታል። «የኔንም ባል» አልኳት። ደነገጠች። ምን ያስደነግጣል? እኔ ስለ ድመቷ ስሰማ አልደነገጥኩ።

ቤት ስገባ የማነ ፓስታ ሠርቶ ጠበቀኝ። ጨው የለውም። ዲያሊሲስ ከጀመረ ወዲህ ጨው ከቤታችን ወጥቷል። እሱ ተከልክሎ እኔ ብቻዬን ልበላ? አልጣፈጠኝም፤ ጨረስኩት ግን።

አቶ ዳኛቸው ደውሎ ነበር አለኝ። የእድራችን ፕሬዚዳንት። ድሮ «ሰብሳቢ» ነበር የምንለው... እሱ ከገባ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት የሆነው። ታኅሣሥ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ ምርጫም አለ፣ እንዳትቀሩ ብሏል።

«ማንና ማን ነው የሚወዳደረው?» አልኩት።

«ዳኛቸውና ዳኛቸው» አለኝ። ሳቅን። የኮሚቴው ሰዎች ሁሉ እሱ ያመጣቸው ናቸው፤ ሰዉ ከኋላ «ኢሠፓ» ይላቸዋል። ፊት ለፊት ግን ማንም ምንም አይልም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ምነው ዛሬ ብዙዬን ባላገኘኋት።

ብዙዬ ኤርፖርት ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው። ባሏ ኃይሌ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ምሳ ሰዓት አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳንድዊቿን ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች፣ ደግሞ ትፈታለች... «ምን ሆነሻል?» ብላት «ከእኔ አልሰማሽም» አለችኝ።

ደንቡ ሊሻሻል ነው። በሰማንያ አምስቱ ሪፈረንደም ድምፅ ሰጥቶ ኤርትራዊነትን የመረጠ ሰው ከአባልነት ይሰረዛል። የአባል ባል ወይም ሚስት ቢሆን እንኳ ሲሞት እድሩ አይቀብረውም።

«እንደዚህ ያለ ስንት ሰው አለን?» አልኳት። እኔም እኮ ዐውቀዋለሁ። አንዱ ዳላስ ሄዷል። አንዷ ሞታለች፤ እኛው ነን የቀበርናት። የቀረው የማነ ነው። ለአንድ ሰው ደንብ ይወጣል?

አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ፣ ትግርኛውን ከእናቱ ጋር ብቻ ያወራ የነበረ ሰው ነው። ሪፈረንደሙ ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። ደብቆም አያውቅም። «የእናቴ አገር ነው፤ ጠየቁኝ፤ መለስኩ» ነው የሚለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እዚህ አሜሪካ ያለው የኤርትራውያኑ ማኅበር «ወይ ከእኛ ወይ ከእነሱ» ሲለው እኛ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በራቸውን ረግጦ አያውቅም።

ደግሞስ ይሄን እድር ማን ሆነና የመሠረተው! ያንን ያገራችንን ልጅ፣ የታክሲ ሹፌሩን፣ ገድለው ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ጥለውት የተገኘ ጊዜ፣ ዘመድ የለው፣ የሚጠይቀው የለው... በእጁ አጥቦ የገነዘው የማነ ነው። «እንዲህ ሆነን አንቀርም» ብለው ከቀብሩ መልስ ተማማሉ። እድሩ ያን ቀን ተጀመረ።

ምን አድርጓቸው ነው? ዐውቄዋለሁ። አምና በስብሰባ መሀል ተነሥቶ «ዳኛቸው፣ አንተ ስትደክም ደግሞ ለማን ታወርሰናለህ?» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ዳኛቸውም ሳቀ። ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነበር።

ለየማነ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ፓርክ ሂል፣ ዳኛቸው ቤት ሄድኩ። ልሰድበው ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ስድቡን ሳስተካክል ቀይ መብራት ሁሉ አልፌያለሁ መሰለኝ።

በሩን ራሱ ከፈተ። «ፀሐይዬ! ግቢ ግቢ፣ ብርድ ነው።» ሻይ አፈላልኝ። የየማነን ደም ግፊት ጠየቀ። ልጃችን ሳሌም ነርሲንግ መግባቷን እንኳ ያስታውሳል። ይሄ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እናቴ የሞተች ጊዜ መጀመሪያ በሬን ያንኳኳው እሱ ነው።

«አቶ ዳኛቸው፣ ይሄን ደንብ ማን ነው ያመጣው?»

«ሕዝቡ ነዋ።»

«የትኛው ሕዝብ? ሕዝቡን እኮ ስም በስም ዐውቀዋለሁ።»

«አዳዲሶቹ ልጆች ናቸው። የማነ ወንድሜ ነው፣ ታውቂያለሽ። ግን እኔ አገልጋይ ነኝ። ለብቻዬ ሕዝብ ልቃወም?»

«እርስዎ ባይመረጡስ?»

ሳቀ። «ሌላ ሰው ከመጣ የራሱን አጀንዳ ይዞ ይመጣላ። የእኔ ረቂቅ ያኔ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።» ስኳር ጨመረልኝ። ሐሙስ ሥራ ካለብሽ የማነን ዲያሊሲስ እኔ አደርሰዋለሁ አለኝ። እሺ አልኩ። አመሰገንኩትም! ስድቤን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ወስዶ መለሰው። እስከ በራችን ደግፎ አስገባው፣ ጫማውን ፈታለት።

ከሄደ በኋላ የማነ «ነግሮኛል» አለኝ። መኪና ውስጥ፣ ፒዮሪያ መንገድ ላይ መብራት ይዟቸው ሳሉ።

«ምን አልከው?»

«አረንጓዴ ሆኗል፣ ሂድ አልኩት።»

ኳስ ከፈተ። የትኛው ቡድን እንደሚጫወት ብጠይቀው ግን አያውቅም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከዳኛቸው ጋር የሚወዳደር አንድ ሰው አለ። ጣሰው።

ለምን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ጣሰው ሆስፒታል ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ። ኮሚቴው የማይፈራው፣ ሰዉ ግን የሚወደው። ኦሮራ ያለው አፓርታማው ድረስ ሄጄ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጭንቅላቱን ይዞ ሰማኝ።

«እህቴ፣ እኔ ለፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው ነኝ?»

«ለየማነ ሲሉ።»

«ሰው ከጠቆመኝ እቆማለሁ» አለኝ። «ካፈርኩ አይመልሰኝ።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ሊጠቁመው ተስማምቷል። ከእድሩ ሽማግሌዎች በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው፤ ቃሉ ይሰማል። ብዙዬም በሴቶቹ በኩል ወሬውን ይዛለች፣ ባሏ ሳይሰማ። ሰዉ እኮ ሰልችቶታል። ሁሉም «የሚቆም ካለማ» ነው የሚለው። ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ረኃብ ተሰማኝ። መኪና ውስጥ ጨው ያለው ድንች ገዝቼ ተደብቄ በላሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም። አስቀድሰን ወጣን። የማነ ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጠረው፣ ሁለት ጊዜ አረፈ። ዶክተሩ ማክሰኞ ለት ልቡም እየደከመ ነው ብሎናል። ሳሌም ናት ያስተረጎመችልን፤ ግማሹን ዋጠችው መሰለኝ። ፊቷን ዐውቃለሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሣ «ስሚ» አለኝ።

«ሌላ ጊዜ እሰማሃለሁ።»

«አሁን ስሚኝ። የሚያውቀኝ ሰው ይሸከመኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም። እኔ ስንት ሰው ተሸክሜያለሁ... እነሱ ይሸከሙኝ። ዳኛቸው ንግግር ያድርግ። ንግግር ይችልበታል።»

«እሱማ ረቂቁን ያንብብልህ!» አልኩት። ተናደድኩ። አለቀስኩ። በመስተዋቱ ስናይ ከኋላችን ያለው መኪና ፓርኪንጉን ፈልጎ ይጠብቀናል። ነዳሁ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

በረዶ። መኪናው አልነሣ አለኝ። ጣሰው ደወለ፤ «አለሁ» አለ። ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

እንዴት ልጻፈው... ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሃቫና መንገድ ላይ ያለው የምንከራየው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። በበረዶ እንኳ ሰዉ አልቀረም። የማነን በዊልቸር ይዤው ገባሁ። ሁሉም ተነሥቶ ሳመው። ከኋላ ያዘዙት ምግብ ተደርድሯል፤ ሽታው ሰዉን እያንቆራጠጠው ነው። ኃይሌ አስመራጭ ተባለ። ጸሐፊውም እሱ፣ አስመራጩም እሱ።

«ለፕሬዚዳንትነት ጥቆማ።»

አንዱ የኮሚቴ ሰው ዳኛቸውን ጠቆመ። ዳኛቸው ተነሣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወንድሞቼ እኅቶቼ፣ እኔ ደክሞኛል፣ እባካችሁ አሳርፉኝ» አለ። «ኧረ አይሆንም! አይሆንም!» አዳራሹ ተናወጠ። እንደገና «ልጆቼም ተቆጥተውኛል» አለ። «በፈጠረዎት!» ኃይሌ ራሱ ነው ያለው፣ አስመራጩ። «እንግዲህ ግድ ካላችሁኝ...» ጭብጨባ።

ይሄ ያለ ነው። የእኛ ሰው ተጠቁሞ ወዲያው እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ሥልጣን ሲጠብቅ ነበር ይባላል። ሰው ቤት «በቃኝ» ብለን እንደሚጨመርልን ነው። ከጽዋ ማኅበር እስከ ሰበካ ጉባኤ ሳይለመን የተመረጠ ሰው አላውቅም።

«ሌላ ጥቆማ?»

ጋሽ ወልደገብርኤል ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «አቶ ጣሰውን።» ከወዲያ ከወዲህ ጭብጨባ ተሰማ። ጥሩ ጭብጨባ ነበር።

ጣሰው ተነሣ። ዐንገቱን ደፋ። «አመሰግናለሁ... እኔ እንኳ አልችልም። ከእኔ የተሻሉ አሉ።»

እንዲህ ብሎ ቆመ። እንድንለምነው ይጠብቃል። ልንለምነው አፋችንን ስንከፍት...

«እናመሰግናለን አቶ ጣሰው» አለ ኃይሌ። «ራሳቸውን አግልለዋል። ሌላ ጥቆማ? ከሌለ ጥቆማው ተዘግቷል።»

ይሄው ነው። ሳል ለመሳል እንኳ አይበቃም።

«ኧረ ይለመን!» አልኩ፤ ጮኼ ነው ያልኩት። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ኃይሌ ፈገግ ብሎ፣ «ወይዘሮ ፀሐይ፣ ሰው በግድ አይመረጥም። ዲሞክራሲ አገር ነው ያለነው» አለኝ። ሳቁ። ብዙዬ ጫማዋን ታያለች።

ጣሰው እንደቆመ ነው። ምን ይበል? «የምሬን አልነበረም፣ እፈልገዋለሁ» እንዴት ይባላል በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ወንበሩን በእጁ ዳስሶ ተቀመጠ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ልጄ፣ በኢሠፓ ጊዜ እንኳ ለሸንጎው ሁለት ሦስት ሰው ያሰልፉልን ነበር። አንድ ሰው ብቻ የሆነው ፕሬዚዳንቱ ላይ ስንደርስ ነው» አለኝ። መጽናኛ መሆኑ ነው? አላውቅም።

«አቶ ዳኛቸውን የምትደግፉ እጅ።»

እጅ ወጣ። በየረድፉ። ዳኛቸው ፊት ለፊት ቆሞ እያንዳንዱን ያያል፣ በዐይኑ ሰላም ይላል። ዞር ስል የማነም አውጥቷል። ያንን መርፌ ያበላሸውን፣ ያበጠውን እጁን፣ በሌላኛው ደግፎ።

«የማነ!»

«ሰውየው እያየኝ እንዴት ልተወው» አለኝ በሹክሹክታ።

«የሚቃወም?» እጄን ከጭኔ ላይ ሳነሣ የማነ ያዘኝ። አጥብቆ ነው የያዘኝ፤ ይሄ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር። «ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ!» ጭብጨባ፣ እልልታ። እኔ እኮ እጄን አላወጣሁም። በሙሉ ድምፅ አሉ። እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?

ከዚያ የደንቡ ማሻሻያ። ብዙ አንቀጽ ነው፤ ስለ አዳራሽ ኪራይ፣ ስለ መዋጮ፣ ስለ ወንበር ማመላለሻ፣ እዚያ መሀል የየማነም አንቀጽ አለ። ኃይሌ እየሮጠ አነበበው። «በጥቅሉ ይጽደቅ?» ተነሣሁ። «አንድ ጊዜ፣ እዚህ ላይ...» ስል «ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ድምፁን ዐውቀዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት አባቱ ሲሞት ሦስቱንም ቀን ወጥ የሠራሁለት ልጅ ነው።

የማነ ቀሚሴን ሳበው። «ቀብር አይለመንም፣ ፀሐይ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ጸደቀ። በላን።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ጣሰው ደወለ። «እህቴ... ሁለተኛ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ እኮ ነው» አለኝና ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰው ስልክ ላይ ሲያለቅስ ምን ይባላል? «ዐውቃለሁ» አልኩት። ደጋግሜ «ዐውቃለሁ» ብቻ አልኩት። ልቆጣው ነበር፤ አልቻልኩም። እኔም በእሱ ቦታ እንደዚያው ነበር የምለው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ሳሌም መጣች። ነገርኳት።

«ማሚ፣ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ኢሌክሽን አይደለም እኮ።»

«ሁለት ነበሩ። አንዱ አልችልም አለ።»

«ሶ ሂ ሴድ ኖ። ኖ ካለ ኖ ነው።»

«አይ፣ የሱ ኖ እሺ ማለት ነው። መለመን ነበረበት።»

«ዛት ሜክስ ኖ ሴንስ!»

አስረዳኋት። ስለ ይሉኝታ፣ ስለ ሰው ዐይን፣ ስለ ሥልጣን ጥማት። እያስረዳሁ ለራሴም ግራ ገባኝ። ኃይሌ እኮ የሚያውቀው ነገር ነው! ከኛ እኩል ያውቀዋል። ለዳኛቸው ሲሆን «በፈጠረዎት» አለ፤ ለጣሰው ሲሆን አሜሪካዊ ሆነ።

ሳሌም ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ሶ... ዳዲ ሲሞት ምን ይሆናል?» አለችኝ። አባቷ በዚያኛው ክፍል ተኝቷል።

ፊዩነራል ሆም አለ፣ በገንዘብ የሚቀብር ድርጅት፣ አልኳት። ጥቁር ልብስና ነጭ ጓንት ያደረጉ ሰዎች ይመጣሉ። ጨዋዎች ናቸው፤ በሥርዓት ይሠራሉ። ስሙን ከወረቀት ላይ ያነቡታል፣ «የ-ማ-ኒ» ይሉታል። ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ ሄደች።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። ዳኛቸው ዶሮ ወጥ ይዞ መጣ። ሚስቱ ለየማነ ብላ ጨው ሳታደርግ ለብቻ የሠራችው። ለብቻ! እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

የማነ ከልቡ ነው የሳቀው። ስለ ድሮ ታክሲያቸው፣ በበረዶ ስለተንሸራተቱበት ቀን አወሩ። ሲወጣ ዳኛቸው በሩ ላይ እጄን ይዞ፣ «ያው ደንብ ደንብ ነው እንጂ፣ እኔ በግሌ ምንጊዜም አለሁ» አለኝ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። እውነቱን ነው። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

የኤርትራውያኑ ማኅበር ደወልኩ። የማነ ሳያውቅ። አንድ ሰው አነሣ፤ ስሙን ነገርኩት። «የማነ... የትኛው የማነ?» አለኝ በአማርኛ፣ በጣም ጥሩ በሆነ አማርኛ። ገለጽኩለት። «እሱ ከእናንተ ጋር አይደል እንዴ?» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። «ይቅርታ እኅቴ» አለኝ።

ዘጋሁት። ወዴት ልደውል ከዚህ ወዲያ?

ጥር 17፣ እሑድ

ወርኃዊው ስብሰባ ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር። የማነ ነው፣ «ሰው ናፈቀኝ» ያለኝ። ከኔ የባሰ ጉድ! አሁን ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ እንኳ ዊልቸር ይፈልጋል። በሥራ የምገፋው አንሶኝ... እየገፋሁት ሄድኩ።

ሁሉም ሳመው። ጣሰው ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ጣለለት፤ ወደ እኔ ግን ቀና ብሎ አላየም። ዳኛቸው «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» ብሎ ከፊት ረድፍ ቦታ አስለቀቀልን። ያስቀመጡት እንደ እንግዳ ነው። እንግዳ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጠው።

ኃይሌ ስም መጥራት ጀመረ። በአባወራው ስም ነው የሚጠራው፤ ባል ከሌለ ብቻ በሚስቲቱ። «አቶ ወልደገብርኤል።» «አቤት።» «አቶ ጣሰው።» «አቤት።» ቀጥሎ የማነ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ቀጥሎ የማነ ነው። የማነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ፀሐይ።»

ይሄ አጠራር የማን እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። የባልቴት ነው። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን እየሰማሁት...

«ወይዘሮ ፀሐይ?» አለ ኃይሌ እንደገና። ቀና አላለም።

አልመልስም አልኩ በልቤ። ይሄን እንኳ አልመልስም። ይጥሩ። አንድ ሰው ሳለ። የዳኛቸው ዐይን በእኔ ላይ ነው፤ ያዝናል እንጂ አይቆጣም።

የማነ ወደ እኔ ዘንበል አለ። እጄን ነካ ነካ አደረገኝ፣ ቤት እንግዳ መጥቶ በር ክፈቺ እንደሚለኝ።

«በይ እንጂ፣ ፀሐይዬ» አለኝ። «አቤት በይ። ሰው ይጠብቃል።»

«አቤት» አልኩ። ኃይሌ ምልክት አደረገና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።